ባዶ ወፍጮ ሲጣራ

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ኑሩ ከካናዳ ደወለና የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ምረጪልኝ አለኝ። ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሴት ልጄ ሰዓዳማ «እማ በረዶ የምታውቂው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ አይደል እንዴ?» ብላ ስልኩን ከእጇ ልትጥለው ነበር። እውነቷን ነው። እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ የሚወርደው በረዶ ባቄላውን ቆርጦ፣ ጫጩት ገድሎ፣ ልብስ እስኪሰበሰብ ድረስ ቀልጦ የሚሄድ ነው። ኑሩ ያለበት አገር በረዶ ግን አንዴ ከመጣ እንደ አማት ተደላድሎ ወራቱን ይቀመጣል አሉ። ልጁም የጠየቀኝ ለቀልድ አልነበረም። እኔ የወፍጮ ቤት ሴት ነኝ። ባሌ እንድሪስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ በኋላ ሞተሩን ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ኑሩም ያደገው ናፍጣ የሚሸት ቀሚሴን ይዞ ነው።

ሱቁ ውስጥ ቆሞ በስልኩ ሦስት ማሽኖች አሳየኝ። አንዷ ትንሽ፣ ቀይ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ የምትሠራ ነች፤ አሻንጉሊት መሰለችኝ። ሁለተኛዋ በቤንዚን ሆና ምላጯ መሬቱን እየላሰ የሚሄድ። ሦስተኛው ግን ወፍጮ ነበር፤ ሌላ ምን ልበለው። ከፊት ያለው ጠመዝማዛ ብረት በረዶውን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ተቀብሎ በረጅሙ አንገት በኩል ይወረውረዋል። «ደጅህ ሲሚንቶ ነው ወይስ ጠጠር?» አልኩት። ጠጠር ነው አለ። «እንግዲያው ያቺን መሬት የምትልሰውን ተዋት፤ ድንጋይ አንስታ የጎረቤት መስኮት ትሰብርብሃለች። ትልቁን ውሰድና ጠጠሩን እንዳይነክስ አፉን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው።» ስለ በረዶ ምንም አላውቅም፤ እህል ውስጥ ጠጠር የገባ ቀን ወፍጮ ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። በረዶው ደረቅ ነው ወይስ ውሃ ያዘለ፣ መለዋወጫው ሰፈርህ ይገኛል ወይ፣ አንተ ሥራ ስትውል ሚስትህ ልታስነሳው ትችላለች ወይ፣ እያልኩ አደረቅኩት። ሻጩ ደግሞ አንዲት ብሎን አሳየው፤ ማሽኑ እንጨት ወይም ድንጋይ ቢነክስ ሌላው ብረት እንዳይጎዳ ቀድማ የምትሰበር፣ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገች ብሎን ነች። «ከእሷ እፍኝ ሙሉ ግዛ» አልኩት። ሥራው መሰበር የሆነ ዕቃ መኖሩ ግን ሲገርመኝ ዋለ።

እንድሪስም በጊዜው እንዲሁ ቆሞ መርጧል። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ስሙኒ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ስኳሩ በወረቀት ተጠቅልሎለት፣ ሻይ ቅጠሉ ተጨምሮለት፣ ለክብሪትም ተርፎት ይመለሳል። ከተማችን አንድ ረጅም መንገድ ነበር፤ ላይኛው ጫፍ የሹሙ ቢሮ፣ ታችኛው ጫፍ ገበያው፣ መሐል ላይ የልብስ ሰፊው ጥግ። ወጣቶቹ መምህራን በቴርጋል ሱሪና በነጭ ናይለን ሸሚዝ ሆነው ማታ ማታ በዚያ ጥግ ቆመው ሴት ሲያዩ ያመሻሉ፤ እኛም እንዲያዩን ከደሴ ያስመጣነውን አበባ ያለበት ሻሽ አስረን እናልፋለን። ከአንዱ ጠጅ ቤት አምባሰል በማሲንቆ ይወርዳል፣ ጥቂት ዝቅ ሲሉ ደግሞ ከሌላው ቤት መንዙማ ይሰማል፤ አንዱ ሌላውን ድምፅ ቀንስልኝ ብሎ አያውቅም። እንድሪስ ወፍጮ ልትከል ሲል ደሴ ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አዲስ ፈጣን ሞተር ነበር። ኩታበር ደግሞ አንድ ሽማግሌ የሚሸጡት፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ሁለት ከባድ የብረት ጎማ ያለው፣ በእጅ እየተዘወረ የሚነሳ አሮጌ ሞተር ነበር። ወንድሞቹ አዲሱን ግዛ አሉት። እሱ ግን ኩታበር ሄዶ አሮጌው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጠው ውሎ ገዛው። «አዝግሞ የሚሄድ ነው፤ አይደክምም» አለ። መኪና እስከገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በመሎጊያ ታስሮ በሰው ትከሻ መጣ። ከተማው ሊቀበለው ሲወጣ እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርኩና ሻሼን አስሬ ወጣሁ።

የአገራችንን የወፍጮ ልማድ ለማያውቅ ልንገር። ወፍጮ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ ይደረግለታል። ጭሱ ጣሳውን እየመታ ሲወጣ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ የሚል ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁም ሜዳውን አልፎ ገደሉን ተሻግሮ ይሄዳል። ይህ ጥሪ ነው። ወፍጮው ተነስቷል፣ እህላችሁን ይዛችሁ ኑ ማለት ነው። የአንዱ ወፍጮ ድምፅ ከሌላው ስለሚለይ ሴቶቹ ዳገት ላይ ሆነው «የእንድሪስ ነው» ይላሉ። እንድሪስ ከሞተሩ ይልቅ ለጣሳው ነበር የተጨነቀው፤ የቅቤውን ሞከረ፣ የቲማቲሙን ሞከረ፣ በመጨረሻ አፉን በመዶሻ ያጠበበው የዘይት ጣሳ ልክ መጣለት። ጥሪውን ሰምቶ የመጣ ሰው ስልቻውን በሩ ላይ በተርታ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ገበያ ዞር ቢል እንኳ ስልቻው ተራውን ይይዝለታል። የስልቻ ተራ የሚቀማ ሰው በከተማችን አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ኑሩ እንደገና ደወለ። በረዶው ሄዷል፣ ማሽኑም አላሳፈረውም፤ አሁን እስከሚቀጥለው ብርድ እንዴት ላስቀምጠው ይላል። «ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ቀይረው። ካንዴላውን አውጥተህ ጥረገው። ቤንዚኑን ጨርሰህ አውጣው፤ ቤንዚን ከከረመ ሙጫ ሆኖ ቧንቧውን ይደፍናል» አልኩት። ቤንዚን መቅዳቱ ሰለቸውና «ከማወጣው አልፎ አልፎ ባስነሳውስ?» አለ። «እሱም ይሆናል፤ አዲስ ቤንዚን እየጨመርክ አስነሳው። ሞተር ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይነክሳል፤ ብረቱ ተያይዞ አልዞርም ይላል» አልኩት። ካልኩት በኋላ ግን ቆጨኝ። ሥራ የሌለው ሞተር ማስነሳት እኛ ቤት እንዲህ በዋዛ የሚወራ ነገር አይደለም።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ዝናቡ አንድ ጊዜ ቀረ፣ ደግሞ ቀረ። በልግም የለ፣ መኸርም የለ። ወፍጮው መጀመሪያ በገበያ ቀን ብቻ ሠራ፤ ቀጥሎ ለሰርግ፣ ለተዝካርና ለሰደቃ እህል ብቻ፤ ከዚያ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል የሰው ንግግርም አብሮ ዝቅ አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት በሹክሹክታ እንደሚነጋገር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ጠጅ ቤቱ ተዘጋ፣ ባለማሲንቆው ወዴት እንደሄደ ያወቀ የለም። ገበያው ዳር ከቆላ የወጡ ሰዎች መውደቅ ጀመሩ። እንድሪስ ሞተሩ እንዳይነክስ ይሰጋ ነበር፤ መለዋወጫው ደሴ ነው፣ ደግ ዘመን ሲመለስም የምንቆመው በእሱ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጥቂት ናፍጣ ጨምሮ ያስነሳዋል። ሁልጊዜ ግን አስቀድሞ ጣሳውን አውልቆ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ በሩንም ይዘጋል። ጣሳ የሌለው ሞተር ድብ፣ ድብ ከማለት በቀር ድምፁ ከግቢያችን አይወጣም። ምን አስጨነቀህ ስለው «ዘሙ፣ በሌለ እህል ሰው አልጠራም» ይለኛል።

አንድ ቀን ማለዳ ከሹሙ ዘንድ አንድ ጸሐፊና ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ መጡ። ከላይ ከመንግሥት እንግዶች ይመጣሉ አሉ፤ ረሃብ አለ የሚል ወሬ ደርሷቸው ነው የሚመጡት። ገበያው ዳር የወደቁት ሰዎች አስቀድመው በቆላው መንገድ ተነድተው ነበር። ጸሐፊው ሱሪው ላይ ያረፈውን ብናኝ እያራገፈ «ወፍጮው ይነሳ፤ እንግዶቹ ቢሮ ቁጭ ብለው ይስሙት። ወፍጮ የሚጣራበት ከተማ ተራበ አይባልም» አለ።

«ጌታው፣ ሞተሩን አስነሳለሁ። ጣሳውን ግን አላደርግም» አለ እንድሪስ።

«ያለ ጣሳ ቢሮ ድረስ አይሰማማ።»

«የሚሰማው ቢሮ ብቻ መሰለዎት? ቆላ ድረስ ይሰማል። መቆም የሚችለው ሁሉ እህል ገባ ብሎ ተነስቶ ይመጣል። መጥቶ ምን ያገኛል? መንገድ ላይ የሚቀረውስ?»

«የሰማ ይስማ። ድምፅ አይደለም እንዴ» አለ ጸሐፊው።

ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ የወፍጮ ድምፅ ለእሱ የወፍጮ ድምፅ ብቻ ነው። ዘበኛው ግን የእኛው አገር ልጅ ስለሆነ ጣሳውን ከምስማሩ ሲያወርድ ፊቴን ሊያይ አልቻለም። እንድሪስ ሞተሩን እንዳለው አስነሳ፤ አስነስቶም ጭስ ማውጫው ፊት ሄዶ ቆመ። ሌሎች ዘበኞች ተጠርተው መጥተው እየገፉ ወሰዱት። ጣሳው ተገጠመ። ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ አለ፣ ስንት ወር ዝም ብሎ የኖረው። እንግዶቹ ሳይሄዱ ሞተሩ እንዳይጠፋ ስለታዘዘ ያ ዘበኛ በሩ ላይ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ውስጥ።

መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው። በቆላው መንገድ በኩል ጉም የሚመስል ነጭ አቧራ ተነሳ። ከዚያ ውስጥ ሰዎች ወጡ። ሰው ሲሰበሰብ ሳል ይሰማል፣ የልጅ ልቅሶ ይሰማል፣ እንደምን አደራችሁ የሚል አይጠፋም። ያን ቀን ከጣሳው ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ባዶ ስልቻቸውን በብብታቸው ይዘው መጡና እንደ ልማዳችን በሩ ላይ በተርታ አስቀመጡ። ባዶ ስልቻ አይቆምም፤ ይተኛል። ከበራችን እስከ ልብስ ሰፊው ጥግ ድረስ የተኛ ስልቻ ሆነ። የሚፈጭ ነገር ሳይኖራቸው አንዱ የሌላውን ተራ አይነካም። አንዲት አሮጊት ስልቻቸው ከተርታው ፈቀቅ ብሎ አዩና በጣታቸው ገፋ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው እኔን ማየት ጀመሩ። ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ለምኖኛል፤ ያን ዝምታ ያህል ግን ያስፈራኝ የለም።

የእንግዶቹ ጂፕ በዚያ ማለፍ ነበረበትና ስልቻዎቹ መንገዱን ዘግተውት ቆመ። መስኮቱ ዝቅ አለ። አፍሮ ጠጉር ያለው አንድ ወጣት ራሱን አውጥቶ አየ፣ ደግሞ አየ፤ መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ። ሾፌሩ ወርዶ ስልቻዎቹን አንድ በአንድ ዳር አደረጋቸው። መኪናው ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ተነስተው እንደነበሩ መለሷቸው። ጂፑ ከዓይን ሲሰወር ዘበኛው ወደ እኔ ዞሮ «አጥፊው እባክሽ» አለኝ። አጠፋሁት። ጣሳውንም አወረድኩት፤ ገና ይፋጅ ነበር።

ቤቱ ውስጥ እህል የለም። ያለው ግድግዳው ነው። የወፍጮ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ደግሞ በዓመታት የዱቄት ብናኝ የተለሰነ ነው። መጥረጊያ ይዤ ዱካ ላይ ወጣሁ። ከወጋግራው፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ከሚሽከረከርበት ጉድጓድ ጠረግኩ። የሸረሪት ድሩም፣ የእሳት ራቱም ከነክንፉ አብሮ ወረደ። ዘበኛው ጠመንጃውን አስደግፎ ወንፊቱን ያዘልኝ። የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላ፣ የደግ ዘመን ዱቄት ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ግራጫ ነበር፤ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣም ይል ነበር። ሽንጣም ድስት ሙሉ ቀጭን ሙቅ አድርጌ በተራቸው፣ በስልቻቸው ቅደም ተከተል፣ ቀዳሁላቸው። ዋንጫው አልበቃ ሲለኝ ጣሳውንም በአመድ አጥቤ ቀዳሁበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሌላኛው መንገድ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ እንደ እኔው አበባ ያለበት ሻሽ አስራለች። ስልቻዋን ከሁሉም ኋላ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«እታለም፣ አልቋል። ከድስቱ ሥር የቀረ እንዳለ ልይልሽ» አልኳት።

«ተራዬ ሲደርስ» አለች።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከከላላ ወዲያ። ትናንት ጠዋት ሲጣራ ሰምቼ ተነሳሁ፤ እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው የዘገየሁ።»

ትናንት ጣሳው ምስማሩ ላይ ነበር። ትናንት ሞተሩም አልተነካም። ከከላላ ወዲያ ደግሞ የእኛ ወፍጮ በደጉ ዘመንም ተሰምቶ አያውቅም። ዘበኛውን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

«የተነሳው ዛሬ ነው የኔ እህት። አሁንም ጠፍቷል» አልኳት።

ጆሮዋን ወደ ወፍጮ ቤቱ ዘንበል አደረገች። «ምነው፣ ይጣራል እኮ» አለች። ያዘነችልኝ ትመስል ነበር።

የድስቱን ሥር በውሃ አለቅልቄ በጣሳው ሰጠኋት። ቀስ ብላ ጨረሰችው። «ጀዛኩም አላህ» ብላኝ ጣሳውን ስልቻዋ ውስጥ ከታ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ዕቃዬን ብዬ አልጠራኋትም። እስካሁንም መለስ ብዬ ሳስበው የሚገርመኝ አረማመዷ ነው፤ ስትመጣ እየተጎተተች ነበር፣ ስትሄድ ግን ሸክም እንዳለባት ሰው ቀጥ ብላ ሄደች።

እንድሪስን በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቀቁት። ፊቱ አብጧል፣ አንድ ጫማው የለም። ስለ እስሩ አልነገረኝም፣ ስለ ሞተሩም አልጠየቀኝም። በሩ ላይ እንደቆመ የመንገዱን ዳር አየ። ጥቂት ስልቻዎች ገና እዚያው ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ከተቀመጡበት አልተነሱም ነበር። «ምን ሰጠሻቸው?» አለኝ። የተራቆተውን ግድግዳ አሳየሁት። መዳፉን ጭቃው ላይ አሳርፎ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው መጥቶ ቀበራቸው፤ ክርስቲያኑን ቄስ፣ እስላሙን ሼህ ሸኘው፤ ማን የማን እንደሆነ ያልታወቀውን ሁለቱም ሸኙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሕግ ሆነ። ሞተር የሚነሳው፣ ለፍተሻም ቢሆን፣ በሩ ሥር አንድ ቁና እህል ከተቀመጠ በኋላ ነው። ድምፁን ሰምቶ የመጣ ባዶ እጁን አይመለስም። ልጆቼ ያደጉት በዚያች ቁና ዙሪያ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ሬዲዮው ማርሽ መታ፣ ጃንሆይ ወረዱ፣ ሹሙ የት እንደገባ ጠፋ። ካኪ የለበሱ ተማሪዎች መጥተው መዝሙር አስተማሩን፤ ቤልቦተም ሱሪ ያየሁት ያኔ ነው፣ መንገዱን ሲጠርግ ይውላል። ወፍጮው የማኅበር ሆነና እንድሪስ በገዛ ሞተሩ ተቀጣሪ ሆነ። ስብሰባ ላይ ቁናዋን አንሳ ቢሉትም አላነሳም፤ በኋላም ሰለቻቸውና ተዉት። እህል ሲገኝ አዲስ ጣሳ አደረገ፤ ቢቀጠቅጠው፣ ቢያጠብበው ድምፁ ሌላ ሆነ። ሴቶቹ «የእንድሪስ ነው» ማለት ተዉ። የድሮው ድምፅ ግን አልጠፋም። ነሐሴ ላይ ጉም ሜዳውን ሸፍኖ የሚያረፍድበት ቀን አለ፤ ያኔ ከከላላ በኩል ኩክ፣ ኩክ የሚል ቀጭን ድምፅ ይመጣል። የምሰማው እኔ ብቻ ብሆን እርጅና ነው ብዬ እተወው ነበር። እንድሪስም ይሰማው ነበር፤ ሳይናገር ተነስቶ ቁናዋን አይቶ ይመለሳል። ዛሬ ከተማችን መብራት ገብቶለታል፣ ወፍጮው ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው፣ ጣሳ ያለው የለም። የልብስ ሰፊው ጥግ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ነሐሴም ሰምቼዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ኑሩ ደወለ። እዚህ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን ፀሐዩ የሚያቃጥልበት ወራቸው ነው አሉ። «እማ፣ እንዳልሽኝ ማሽኑን አስነሳሁት፤ ስሚው» ብሎ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው። ደህና ነው፣ አይቆራረጥም፤ ቤንዚኑም አልከረመም። ልመርቀው ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማ፣ ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን ወጥተው መጡ። በዚህ ሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ የበረዶ አካፋቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም አይሉም። ያዩኛል ብቻ።»

ሰዓዳ አጠገቤ ተቀምጣ በሞተሩ ድምፅ ስትስቅ ነበር፤ መሳቋን ተወች።

«ምን ሰጠሃቸው?» አልኩት።

«ቁናዋን ረስቼ» አለ። ከዚያ በር ሲከፈት፣ እህል ዕቃ ውስጥ ሲፈስ፣ ደግሞም በጠጠሩ ላይ ሲራመድ ሰማሁ፤ ሞተሩ ከኋላው እየሠራ ነበር።